«ድሃ አይመስልም» ከማለታችሁ በፊት

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን እንከፍታለን። ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ስተርሊንግ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ሩዝ፣ የታሸገ ባቄላ፣ ወተት፣ ሲገኝም ድንችና ካሮት እናድላለን። እዚያ ማገልገል ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ስተርሊንግ ያለችው ላውደን ካውንቲ ውስጥ ነው። ላውደን ደግሞ በቤተሰብ ገቢ ከመላው አሜሪካ ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ ነው። ሰልፋችን ግን አንዳንድ ቅዳሜ መኪና ማቆሚያውን ዞሮ አስፋልቱ ጋ ይደርሳል።

አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ የማለማምደው እኔ ነኝ። ካርቶን ማንሳት ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ሰው አይቶ ዝም ማለት ነው። «ይሄማ ድሃ አይመስልም» የምትለዋ ቃል ከአፍ ቶሎ ታመልጣለች። ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ይሰማታል። ባይሰማት እንኳ ከፊታችን ላይ ያነባታል። ለማገልገል ለምታስቡ፣ ወይም ቡና ላይ «አሜሪካ ተቀምጦ እንዴት ይቸገራል?» የሚል ዘመድ ላላችሁ፣ ለአዲሶቹ የምነግራቸውን እዚህ ላስፍረው።

መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። በ2025 የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት አባዙት። 25,800 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ያውም ታክስ ሳይነካው። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት ለሦስት ሰው ቤተሰብ ያወጣው የድህነት መስመር 26,650 ዶላር ነው። ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ እናት አንድ ቀን ሳትታመም፣ አንድ ሺፍት ሳይቀርባት ዓመቱን ሙሉ ብትሠራ እንኳ ከመስመሩ በታች ናት። ቨርጂኒያ ደግሞ የተሻለች ናት። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ «ሥራ ቢሠሩ ኖሮ» ማለት አይቻልም። እኛ ሰልፍ ላይ የአረጋውያን ተንከባካቢ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ የምትመጣ አለች። እግሯ እያበጠ ነው የምትቆመው። እሷን የመሰለ ብዙ ነው። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጋፍ) ወይም ሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ከሚያገኙ ደመወዝተኛ አዋቂዎች 70 በመቶ ያህሉ ሙሉ ሰዓት ይሠራሉ።

መስመሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞሊ ኦርሻንስኪ የምትባል የሶሻል ሴኩሪቲ ባለሙያ የርካሽ ምግብ ወጪን በሦስት አባዝታ አወጣችው። ያን ጊዜ ቤተሰብ ከገቢው ሲሶውን ለምግብ ያወጣ ነበር። ዛሬ ቼኩን የሚበላው ኪራይ ነው። ቁጥሩ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ስተርሊንግ ያለችውም፣ ሚሲሲፒ ገጠር ያለችውም በአንድ ቁጥር ይለካሉ። ስለዚህ ከመስመሩ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ሞልቶለታል ብላችሁ አትደምድሙ።

ቀጥሎ መኪና። በዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። በጀመርኩ በወሩ አንድ የአገራችን ሰው በጥቁር፣ በሚያብረቀርቅ መኪና መጣ። ካርቶኑን ስሰጠው ፊቴ ተኮሳትሮ ነበር መሰለኝ፣ ሳልጠይቀው «እህቴ፣ መኪናዋ የባንክ ናት» አለኝ። ሥራ በነበረው ጊዜ በብድር የገዛት ናት። ቢሸጣት ዋጋዋ ዕዳዋን አይከፍልም። ቢመልሳት ደግሞ ሌላ ሥራ የሚፈልግበት እግር የለውም። እኛ ሰፈር ያለ መኪና ሥራ ቦታ መድረስ ጭንቅ ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ስለዚህ ለአዲሶቹ የምሰጠው አንድ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ አለ፦ ስለ መኪና፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ጫማ አትጠይቁ። ስልኩ ያለፈው ዓመት ስጦታ ሊሆን ይችላል። አሠሪው ሺፍት የሚልክለትም በዚያው ስልክ ነው።

ስለ መልክና ስለ ሰፈር ያለንን ሥዕልም ማረም አለብን። ብዙዎቻችን አሜሪካዊ ድሃ ሲባል የሚታየን መሀል ከተማ ያለ ጥቁር ሰው ነው። በአገሪቱ ቆጠራ ቢሮ መረጃ በ2024 ከድህነት መስመር በታች የነበሩት 35.9 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው፤ ከሕዝቡ 10.6 በመቶ። ከእነሱ ውስጥ በቁጥር ትልቁ ቡድን ነጮች ናቸው። ይህ ማለት ግን ጫናው እኩል ነው ማለት አይደለም። የጥቁሮች የድህነት መጠን ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ወደ ስሕተት ይወስዳል። ሰፈሩም ተቀይሯል። ከ2000ዎቹ ወዲህ ከዋና ከተሞቹ ይልቅ በዙሪያቸው ባሉ ሰፈሮች የሚኖረው ድሃ በልጧል። ግቢው ሣር፣ መንገዱ ጸጥ ያለ፣ ቤቱ ውስጥ ግን ሦስት ቤተሰብ።

ሌላው፣ ድሃን ቋሚ መደብ አድርጎ ማየት ነው። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ከ20 እስከ 75 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ከ10 አሜሪካውያን 6 ያህሉ ቢያንስ አንድ ዓመት ከመስመሩ በታች ያሳልፋሉ። እኛ ጋ ለአራት ወር ምግብ የወሰደች ሴት ዛሬ ከጎኔ ቆማ ወተት ታድላለች።

«ስንፍና ነው» ለሚላችሁ የልጆቹን ቁጥር ንገሩት። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 2021 መንግሥት ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ በወር እስከ 300 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለ እስከ 250 ዶላር ለወላጆች ይልክ ነበር። የመንግሥት ድጋፍን በሚቆጥረው መለኪያ የሕፃናት ድህነት በዚያ ዓመት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ክፍያው ተቋረጠ። በ2022 ቁጥሩ 12.4 በመቶ ገባ። የወላጅ ስንፍና በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ አይጨምርም። የተለወጠው ሕጉ ነው።

«መንግሥት ያበላቸው የለ?» ለሚለውም መልስ ያዙ። ፉድ ስታምፕ በ2024 በአማካይ ለአንድ ሰው በቀን 6 ዶላር ገደማ ነበር። ሳሙና፣ ዳይፐር፣ የበሰለ ትኩስ ዶሮ በእሱ አይገዛም። «የሚወስዱት ስደተኞች ናቸው» ለሚል ደግሞ፦ ግሪን ካርድ ይዞ በዲቪ የመጣ አዋቂ ሰው በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ይህን የራሳችን ሰዎች እንኳ አያውቁም።

አሁን ወደ ተግባር። ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ሰላምታ ስጡ፣ ስንት ሰው ቤት እንዳለ ብቻ ጠይቁ። ትልልቅ እናቶችንና አባቶችን ቅድሚያ አስቀምጧቸው። እኛ ጋ የሚመጡ እማማ ከጡረታቸው መድኃኒቱን ከፍለው የሚተርፋቸው ጥቂት ነው፤ ግን «ለጎረቤቴ ነው የምወስደው» ይላሉ። እሺ እማማ በሏቸው፣ ለጎረቤታቸው ሁለት ጨምሩላቸው።

ከካርቶኑ ጋር መረጃ ስጡ። 211 ላይ ቢደውሉ ስለ ኪራይ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ምግብ እርዳታ ይመራሉ። ልጆች በትምህርት ቤት በነፃ ወይም በቅናሽ ምሳ እንዲበሉ የሚሞላው ፎርም በትምህርት ዓመቱ በማንኛውም ጊዜ ይሞላል፤ መስከረም ካለፈ ቀረ ብለው የተቀመጡ ወላጆች አጋጥመውኛል። ከሁሉ በላይ ግን ታክስ። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ ከ1975 ጀምሮ የሚሰጥ የታክስ ተመላሽ አለ። ከአምስት ባለመብት አንዱ እንደማይጠይቀው የታክስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ልጆች ላሉት ብዙ ሺህ ዶላር ሊሆን ይችላል። በነፃ የሚሞላው ፕሮግራም ቪታ ይባላል፤ በብዙ ቤተ መጻሕፍትና ማኅበረሰብ ማዕከላት ይሠራል። መታወቂያ፣ የሁሉም ቤተሰብ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ከየአሠሪው የመጣውን ደብልዩ ቱ (የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳየውን ወረቀት)፣ የባንክ አካውንት ቁጥር ይዘው እንዲሄዱ ንገሯቸው። እኔ ይህን ዝርዝር በአማርኛ አትሜ በየሩዙ ከረጢት ላይ እለጥፈዋለሁ። ለሚቀጥለው ጥር ሁለት መቶ ቅጂ ተዘጋጅቷል፤ የሚለጥፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ።