ለትንሽ ዳታቤዝ ሰርቨር መጫን አያስፈልግም

የሱቅ ዕቃ ወይም የተማሪ መዝገብ በኤክሴል ይዛችሁ ፋይሉ ከከበደባችሁ፣ ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት የሚባለውን የዳታቤዝ (የተደራጀ የመረጃ ቋት) መሥሪያ ፕሮግራም ሞክሩት። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ሰርቨርም (ዳታቤዙን ለብቻው የሚያስተናግድ ፕሮግራም) ኢንተርኔትም አይፈልግም። ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ኤክሴል በአንድ ሺት ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይቀበልም፤ እዚህ ግን መረጃውን በሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የጽሑፍ ፋይል) አስገብቶ በኤስኪውኤል፣ ማለትም በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ፣ መፈለግ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ! ያስተካከላችሁት ሁሉ «ራይት ቼንጅስ» የሚለውን እስክትጫኑ ድረስ ፋይሉ ላይ አይጻፍም። ኮንትሮል ኤስን መጫንም ያንኑ «ራይት ቼንጅስ» መጫን ነው። ይህን ባሕርዩን በጣም እወድለታለሁ። በስህተት መቶ ረድፍ ብታጠፉ እንኳ፣ ገና ካልጻፋችሁት «ሪቨርት ቼንጅስ» ይመልስላችኋል። ከጻፋችሁት በኋላ ግን መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።