ከክረምት የተረፈ የዘር ድንች ዘግይቶ ሲተከል፦ ችግርና መፍትሔ

መስከረም ሲጠባ ከጓዳ የተረፈውን የዘር ድንች አውጥቶ እርጥበት ባልለቀቀው መሬት ላይ መትከል ጎንደር ዙሪያም ደምቢያም ዳባትም የተለመደ ነው። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር መተውን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም። በቀጥታ ወደሚበላሸው ነገር እሄዳለሁ።

ምልክት፦ ወር ቢሞላውም አይበቅልም፤ ወይም ከአንድ ጉድጓድ ብዙ ቀጫጭን ግንድ ይወጣና ክንድ ሳያህል ቢጫ ይሆናል

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ዝናቡን ወይም ማዳበሪያውን ይወቅሳል። ቆፍራችሁ እዩ። የተከላችሁት ድንች ሳይበሰብስ ተጨማድዶ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ላይ ባቄላ የሚያህሉ ነጫጭ ድንቾች ተለጥፈዋል። ቅጠል የለውም፤ የያዘውን ስንቅ ግንድ ሳያወጣ በቀጥታ ልጅ ላይ ጨርሶታል። ዘሩ አርጅቷል፤ ጥፋቱም ከማሳ ሳይሆን ከጓዳ ነው።

ድንች ከተቆፈረ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። ከዚያ አንዱ ዓይን ቀድሞ ይጎነቁላል፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ጥሩው የመትከያ ጊዜም ይህ ነው። በጨለማና በሙቀት የቆየ እንደሆነ ግን ጉንቁሉ ነጭና ረጅም ይሆናል፤ ባለቤቱም አይቶ ይሸለቅቀዋል። እንደገና ይጎነቁላል፤ እንደገና ይሸለቀቃል። በመጨረሻ የሚወጣው ፀጉር የመሰለ ነገር ነው፤ እርሱ ደግሞ ተክል አይሆንም።

ደምቢያ ውስጥ አንድ አዛውንት ማሳቸው ወና ሆኖባቸው ሄጄ ነበር። ጆንያው ከምድጃው ጎን ተደግፎ አየሁት። «አባባ፣ ጉንቁሉን ስንት ጊዜ አነሡለት?» ብላቸው፣ «ኧረ በየሳምንቱ ነው፤ ባለቤቴ የተዝረከረከ ነገር አትወድም» አሉኝ። ምን ይባላል? በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ነጋዴ ያረጀውን ድንች ጉንቁሉን አንሥቶ፣ አጥቦ፣ «አዲስ ዘር» ብሎ ሸጦ አንድ መንደር አክስሯል። እንዲህ ያለውን ለመለየት ዓይኑን በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ቀድሞ የበቀለው ጉንቁል የተሰበረበት ደረቅ ጠባሳ ይታያል። ጠባሳ ካለና ኮረቱ (ድንቹ ራሱ) በጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ፣ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

መፍትሔው ሳይተከል በፊት ነው። ዘሩን ከጆንያ አውጥታችሁ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ብርሃን ያለበት ቦታ ቆጥ ላይ ከሁለት ድርብ ሳይበልጥ ዘርጉት። ረጅም ነጭ ጉንቁል ካለው አንድ ጊዜ ብቻ አንሡለት፤ ሁለተኛ እንዳትነኩት። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጉንቁል ካወጣ ይተከላል። እንዲያውም በመጠኑ የቆየ ዘር ቶሎ በቅሎ ቶሎ ስለሚደርስ ለዘገየ ወቅት ይመረጣል። ፀጉር ካወጣ ግን ጣሉት። ለምግብ አይሆንም፤ ለከብትም አትስጡት፤ የጎነቆለና የለሰለሰ ድንች መርዝ አለው።

አትቁረጡት። ያረጀ ኮረት ቁስሉ አይደርቅለትም፤ ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይበሰብሳል። ዘር አነሰኝ ብሎ እየቆራረጠ የተከለ ሰው ማሳ በበሽታው ይታወቃል። ሙሉውን፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህለውን ትከሉ። ዘሩ ደከም ያለ ከመሰላችሁ በተክል መካከል ያለውን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር አጥብቡት፤ አፈሩን መጀመሪያ ሳሳ አድርጋችሁ ኋላ ግንዱ ሥር እየከመራችሁ ታስታቅፉታላችሁ።

ምልክት፦ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በቀን ይጠወልጋል

ውኃ ጠምቶት ከሆነ ሌሊት ያገግማል። ካላገገመ ግንዱን ከሥሩ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን አንጠልጥሉት። ከቁራጩ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ የሚያመጣው አጠውልግ ነው። መድኃኒት የለውም። ከነኮረቱና ከነአፈሩ ነቅላችሁ ከማሳ አርቁ፤ በዚያ ቦይ ያለፈውን ውኃ ወደ ሌላው አትልቀቁ፤ ዶማውን እጠቡ፤ ከዚያ ማሳ ዘር አታስቀሩ፤ ለጥቂት ዓመታት ጤፍ ወይም ገብስ እንጂ ቲማቲምና ቃሪያ አትትከሉበት። የተረፈ ዘር ከማን ማሳ እንደመጣ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ጠያቂ ግን የለም።

ምልክት፦ ተክሉ አምሮ፣ ድንቹ ትንንሽ ሆኖ ይቀራል

ውኃ አልቆበታል። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉት ዝርያዎች ለመድረስ አራት ወር ገደማ ይፈልጋሉ፤ ከመስቀል ወዲያ ግን ዝናብ አይታመንም። እንደ መገጭ ወንዝ ዳርቻ ሰው በመስኖ የምታጠጡ ካልሆናችሁ በነሐሴ ትከሉ፤ ካለፈባችሁም ተዉት። ዘግይቶ የተጨመረ ዩሪያ ደግሞ ቅጠል እንጂ ድንች አያበዛም።

ምልክት፦ ድንቹ ውስጥ ትል የቦረቦረው መንገድ አለ

ዋልካው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የድንች የእሳት እራትም በስንጥቁ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ስንጥቁን በኩትኳቶ ድፈኑ፣ አስታቅፉ። ያልተሸፈነው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ አይበላም።

ዋግ (ቅጠሉን የሚያቃጥለው በሽታ)፦ ዝናብ ሲያባራ ይቀንሳል፤ ጤዛ ከበዛ ግን ማንኮዜብ የሚባለው መድኃኒት በሽታው ሳይታይ ይረጫል፤ ከታየ በኋላ ያቃጠለውን አይመልስም።

ውርጭ፦ ዳባትና ደባርቅ ከጥቅምት ጀምሮ ያሰጋል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ከሌለ ማታ ውኃ አጠጡ፤ ውኃ የያዘ አፈር ሌሊቱን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ረባዳው ቀድሞ ስለሚመታ ዘግይታችሁ የምትተክሉ ከሆነ ተዳፋቱን ምረጡ።