ስማቸው የጠፋ ቅድመ አያትን እንዴት መፈለግ ይቻላል?

ልጅ ሳለሁ አባቴ እንግዳ ፊት አቁሞ ዘር ያስቆጥረኝ ነበር። ሳልሳሳት ሰባት ቤት ከደረስኩ እመረቃለሁ። ከእነዚያ ሰባት ስሞች መሐል ግን አንዲትም ሴት አልነበረችም። የአያቴ እናት ማን ይባሉ እንደነበር የጠየቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አያቴ አሰብ አድርገው «እኔ እማዬ ነበር የምላት፤ አገሩ ደግሞ የእገሌ ሚስት ይላታል» አሉኝ። ነገሩ አንገበገበኝ፤ ፍለጋውንም ከዚያ ጀመርኩ።

ስማችን ከአባት ወደ አባት ስለሚሄድ በብዙ ቤት ከቆጠራው የሚወድቁት እናቶች ናቸው። የሚከተለው መንገድ ለሌላ የተረሳ ዘመድም ያገለግላል፤ እኔ ግን ባለፍኩበት በቅድመ አያት ፍለጋ ላስረዳ።

አንደኛ፦ አዛውንቶችን ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ከስም ግን አትጀምሩ

«ስማቸው ማን ነበር?» ብላችሁ ከጀመራችሁ «እንጃ ልጄ» የሚል መልስ ይመጣና ወጉ እዚያው ይቆማል። ይልቅ ስለ ቤቱ ጠይቁ። ጎጇቸው የት ነበር? ወንዙ በየት በኩል ነው? ሲሞቱ የት ተቀበሩ? የትኛውን ታቦት ይዘክሩ ነበር? አክስቴ ስሙን ፈጽሞ አታስታውስም፤ ቡና እየቆላች ስታወራኝ ግን ማንከሽከሻውን ያዝ አድርጋ «ለኅዳር ሚካኤል የጠመቀችውን ጠላ ልጅ ሆኜ ሰርቄ ጠጥቼ ተገርፌያለሁ» አለችኝ። ከዚህች አንዲት ወሬ የሚካኤልን ደብር አገኘሁ፤ ከደብሩ ደግሞ መንደሩን።

ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱ። አዛውንቶቹን መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ አነጋግሩ። ሁለት አረጋውያን «የለም፣ እንዲህ አልነበረም» ብለው ሲከራከሩ ለብቻቸው ያልወጣው ሁሉ ይወጣል። ማን ምን እንዳለ ከነቀኑ ጻፉ፤ ሁለት የተለያየ ቃል ከሰማችሁ ሁለቱንም አስቀምጡ።

ሁለተኛ፦ አንድ ሰው ስንት ስም እንደነበረው አስቡ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በክርስቲያን ቤት መጠሪያ ስም አለ፣ የክርስትና ስም አለ። የሴቶቹ የክርስትና ስም ብዙ ጊዜ በ«ወለተ» ወይም በ«አመተ»፣ የወንዶቹ በ«ገብረ»፣ በ«ወልደ» ወይም በ«ኃይለ» ይጀምራል። ጦረኛ ከሆነ ደግሞ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» እንደሚባሉት የፈረስ ስም ይጨመራል። በሴቶቹ በኩል ከዚህ የባሰ ነገር አለ፤ በብዙ አካባቢ ሙሽራ አማቶቿ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላት ነበር። ስለዚህ በትውልድ መንደራቸው በአንድ ስም፣ በባላቸው አገር በሌላ ስም የሚታወቁ እናቶች ሞልተዋል። እኔም ሁለት ሴቶች መስለውኝ ለየብቻ ስፈልጋቸው ብዙ ጊዜ ባክኛለሁ።

ሦስተኛ፦ ዘመኑን አስሉ

የድሮ ሰው ዘመኑን የሚቆጥረው በድርጊት ነው። «ክፉ ቀን» ካሏችሁ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን የፈጀው ረኃብ ነው። የአድዋ ጦርነት የካቲት 1888፣ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909፣ የኅዳር በሽታ የሚባለው ወረርሽኝ 1911፣ የማይጨው ጦርነት መጋቢት 1928 ነው። በዚህ ላይ ዓመቱ የተሰየመበትን ወንጌላዊ ከነገሯችሁ ዓመቱን ቁርጥ አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ «የኅዳር በሽታ ሲገባ ጡት ትጠባ ነበር፤ የተወለደችው በዘመነ ማርቆስ ነው» ከተባለ፣ 1910 ላይ 5500 ሲደመር 7410 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ሴትየዋ የ1910 ልጅ ናት ማለት ነው።

አራተኛ፦ ርስት የተሟገተ ሰው ፈልጉ

የሴቶችን ስም ከማንም በላይ ጠብቆ ያቆየልን የርስት ሙግት ነው ብዬ አምናለሁ። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት አንስቶ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን መቁጠር ነበረበት። በመሐል በሴት በኩል የመጣ ከሆነ ያቺን እናት በስሟ ካልጠራ ይሸነፋል። ይህ ሁሉ የቆመው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ነው። ያኔ 20 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ 70 አልፎታልና ጊዜ አትስጡት። «ከዘመዶቻችን መሬት ተካሶ የሚያውቅ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ የፍርድ ወረቀት ካለም አስወጡት። የቅድመ አያቴን የልጅነት ስም ያገኘሁት እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ከደረሰ እንዲህ ካለ ወረቀት ነው። «በእናቴ በኩል» ከሚለው ቀጥሎ፣ በወይን ጠጅ ቀለም ተጽፎ።

አምስተኛ፦ ወደ ደብሩ ሂዱ

የክርስትና ስም በነፍስ አባትና ተዝካር ባወጣው ቤት ይገኛል፤ ለሙታን የሚጸለየው በእሱ ነውና። በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይም መጽሐፉን ያጻፈው ወይም የሰጠው ሰው ስም፣ አንዳንዴም የመሬት ውል ይጻፍ ነበር። አገሩ የሚያውቃቸውን ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፤ አስተዳዳሪውን እጅ ነስታችሁ የመጣችሁበትን ተናገሩ፤ ካሜራ አውጥታችሁ አትጀምሩ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በሚኒሶታው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብዙዎቹን ተመዝግቦ በኢንተርኔት በነፃ ማየት ይቻላል። በሙስሊም ቤተሰብ በኩል ደግሞ የቤቱን አሮጌ ኪታቦች ባዶ ገጾች እያገላበጡ ማየትና የመስጊዱን ሽማግሌዎች መጠየቅ ነው።

ቀበሌ ለቀበሌ ግን አትንከራተቱ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ወመዘክር ለሹመኛና ለባለሥልጣን ዘመድ ይረዳ ይሆናል፤ ለገበሬ ሚስት ብዙ ተስፋ አይሰጥም። የዲኤንኤ ምርመራም እንዲሁ ስም አይነግራችሁም፤ የሚጠቅመው የሥጋ ዘመድ ሲመረመርና ዝምድናችሁ ሲገጣጠም ነው።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ዘር ቆጠራ ድንገት ወደ ንጉሥ ቤት ከዘለለ፣ ከሌላ ቤት የመጣ ሁለተኛ ምስክር ሳታገኙ አትቀበሉ። አዛውንቱ ዝም ካሉ ደግሞ አትጫኑ። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ በሸማኔነት፣ በአንጥረኛነትና በሸክላ ሠሪነት የተናቁ ወገኖችም ብዙ ናቸው። ስማቸው እንዳይነሣ የተደረገው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቀን፣ ሌሎች በሌሉበት፣ ራሳቸው ያነሡት ይሆናል።

በመጨረሻ የጻፋችሁትን ለነገሯችሁ ሰዎች አንብቡላቸው። እኔ ሁሉም የተጠናቀቀ መስሎኝ ደብተሬን ለአክስቴ ሳነብላት ዓይኗን ጨፍና እስከ ግማሽ አዳመጠችኝ፤ ከዚያ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ «ቆይ፣ ቆይ። በጥሊያን ጊዜ የሞተችውማ ታናሽ እህቷ ናት» አለች።