ጃርት ጓሮ እንዳትገባ እንዴት ማጠር ይቻላል?

ጠዋት ወጣ ስትሉ የድንች መደባችሁ ተቆፋፍሮ፣ ግማሹ ተበልቶ ግማሹ ተገምጦ ተጥሎ ካገኛችሁ ጎረቤት ከመጠርጠራችሁ በፊት መሬቱን እዩ። እኔ ከጃርት ጋር ሁለት ዓመት የታገልኩት የአጥር እግር እንዴት እንደሚሠራ ስላልገባኝ ነው።

መጀመሪያ ሌባውን ለዩ። ፍልፈል ከሥር ነው የሚበላው። ተክሉ ደህና መስሎ ይቆይና በድንገት ይጠወልጋል፣ አጠገቡም የአፈር ቁልል ታያላችሁ። ከርከሮ መደቡን እንዳለ ይገለብጠዋል። ዝንጀሮ የሚመጣው በቀን ነው፣ እሱ ደግሞ አያፍርም። ጃርት ግን በሌሊት መጥታ ከላይ ወደ ታች ትቆፍራለች፤ በገመጠችው ድንች ወይም ዱባ ላይ የሰፋፊ የፊት ጥርሶቿ ምልክት ይቀራል። የዛፍ ልጥም ከግንዱ ሥር ትልጣለች። ጥቁርና ነጭ እሾህ ጥላ ከሄደች ነገሩ አለቀ። ካልጣለች ማታ የተነፋ አፈር ወይም አመድ በትኑና ጠዋት ዱካ ፈልጉ። የለመደችውን መንገድ ቶሎ ስለማትለውጥ በየት እንደምትገባ ያዙት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

አቋራጩን ሁሉ ሞክሬያለሁ። በርበሬ ነሰነስኩ፣ አሮጌ ኮት ሰቀልኩ፣ ሬድዮ ከፍቼ አደርኩ። ሦስት ሌሊት ጠፋች፣ በአራተኛው ሬድዮ እያዳመጠች በላች። መርዝማ አታስቡት፣ ቀድሞ የሚበላው የራሳችሁ ውሻ ነው። ጉድጓዷንም አትድፈኑ፣ እጅም እንዳትሰዱበት። ጃርት ብዙ ጊዜ ሌላ እንስሳ በቆፈረው ጉድጓድ ስለምትኖር ውስጡ ማን እንዳለ አይታወቅም።

የሚያዋጣው አጥር ነው። ጓሮውን በሙሉ ማጠር የለባችሁም፣ የድንችና የካሮቱ መደብ ይበቃል። መዝለልና መንጠላጠል ስለማይሆንላት ከመሬት በላይ 1 ሜትር ካለ በቂ ነው። ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ ግን አትግዙ፤ ርካሽ ነው፣ ትገፋዋለች፣ ይጣመማል፣ ታልፋለች። በብየዳ የተያያዘውን ጠንካራ ሽቦ ውሰዱ። ቋሚ መትከሉን ታውቁበታላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሽቦውን ቀጥ አድርጌ 20 ሴንቲ ሜትር ቀበርኩትና እጄን አራግፌ ተኛሁ። በሳምንቱ ከሥሩ ቆፍራ ገብታ አንድ ሙሉ መስመር ድንች ጨረሰች። በደንብ ልቅበረው ብዬ ወገቤ እስኪቆረጥ ብቆፍርም እሷ ከእኔ የተሻለች ቆፋሪ ናት። በመጨረሻ የሠራልኝ ሽቦውን ወደ ታች መቅበር ሳይሆን ወደ ውጭ ማጠፍ ነው።

ከአጥሩ ሥር 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ተርፎ ወደ ውጭ፣ ማለትም ጃርቷ ወደምትመጣበት በኩል፣ መሬት ላይ እንዲነጠፍ አድርጉ። እንስሳ መቆፈር የሚጀምረው አጥሩ ከቆመበት ሥር ነው። እዚያ ጥፍሯን ስታሳርፍ ሽቦ ያገኛታል። ትንሽ ራቅ ብላ ከምንጣፉ ማዶ ብትጀምር ትገባ ነበር፤ እሷ ግን አጥሩ ሥር ያለውን ብቻ ነው የምትሞክረው። የተነጠፈውን በየግማሽ ሜትሩ በታጠፈ ወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር ስፉት፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ደርድሩ፣ ስስ አፈር አልብሱት። ሣር በቅሎበት ሲይዘው እናንተም መነቅነቅ አትችሉም። ማዕዘኖቹ ላይ ሁለቱ ምንጣፎች መደራረብ አለባቸው፤ ክፍተት ካለ የምታገኘው እዚያ ነው።

ይህን ሁሉ ሠርቼ በሩን ረሳሁት። ከበሩ ሥር ሰፊ ክፍተት ነበር፣ እንደ እንግዳ በበር ገባች። ከበሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ቅበሩ፣ እንጨቱ እንዳይገዘገዝ የታችኛውን ጫፍ በቆርቆሮ ለብጡት።

ማታ ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ ቆም ብላችሁ መንገድ ልቀቁላት። እሾኋን ትወረውራለች የሚባለው ውሸት ነው። እግሯን መሬት ላይ ስትመታ፣ እሾኋን ስታንኳኳና ጀርባዋን ስትሰጣችሁ ግን መሸሽ የጀመረች እንዳይመስላችሁ፤ ቀጥሎ የኋሊት ተንደርድራ ነው የምትወጋው። ሰው ከተወጋ ቁስሉ ጠለቅ ስለሚል ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ቴታነስ ክትባት መጠየቅ አለበት። ውሻ ከተወጋ እሾሁን አትቁረጡ፣ ፊቱን እንዳያሻሽ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የእኔው ውሻ ከዳነ በኋላ በወሩ ደግሞ ሄዶላታል፣ ስለዚህ ማታ ማታ አስረዋለሁ።