የሥራ ክርክር ከችሎት በፊት የሚበላሽባቸው ስህተቶች

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሚቀርብ ክስ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተከራካሪዎቹ ችሎት ፊት ከመቆማቸው በፊት፣ ገና ደብዳቤ በሚጻፍበትና በሚፈረምበት ሰዓት ነው። ሠራተኛው እውነት ይዞ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ ይረታል፤ አሠሪውም ጥፋቱን በዓይኑ አይቶ በቀን ቆጠራ ይሸነፋል። ከዚህ በታች የተነሱት ስህተቶች ከሁለቱም ወገን የተወሰዱ ናቸው።

ከሠራተኛው ወገን ከሁሉም የከበደው ስህተት ጊዜን በሽምግልና መፍጀት ነው። በአዋጁ አንቀጽ 163 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ፣ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ ክፍያው ሊጠየቅ ከሚችልበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ጥር 10 ቀን የተሰናበተ ሠራተኛ እንውሰድ። ኃላፊው «ትንሽ ታገስ፣ በዓሉ ይለፍና እንነጋገራለን» ይለዋል፤ ሠራተኛው ሽማግሌ ይልካል፤ ፋሲካ ያልፋል። ግንቦት ላይ ጠበቃ ዘንድ ሲደርስ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው ሚያዝያ 10 ቀን በይርጋ ታግዷል፤ ከስንብቱ ጋር ለተያያዘው ክፍያም ቢሆን ከሐምሌ 10 ያለፈ ጊዜ የለውም። ይርጋን የሚያቋርጠው ሥልጣን ላለው አካል አቤቱታ ማቅረብ ወይም ሌላው ወገን የጥያቄውን ትክክለኛነት በግልጽ ማመኑ ሲሆን፣ በስልክ የተሰጠ ተስፋ ግን ኋላ ሲካድ ማስረጃ አይገኝለትም። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን በጊዜው ይመዝገብ፤ የተመዘገበ ክስ በዕርቅ ለመዝጋት የሚከለክል ነገር የለም።

አሠሪውም የራሱ ይርጋ አለበት፤ ይህን የማያውቁ የሰው ኃይል ኃላፊዎች ጥቂት አይደሉም። በአንቀጽ 27 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው የስንብቱን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ሥራ ላይ ካልዋለ ይቀራል። አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ መስከረም 5 በተደረገ ቆጠራ ጉድለት ተገኘበት፤ የቆጠራው ሪፖርት መስከረም 8 ለሥራ አስኪያጁ ደረሰ፤ የስንብት ደብዳቤው ግን ኅዳር 20 ተጻፈ እንበል። በዚህ ጊዜ ክርክሩ ስለ ጎደለው ዕቃ መሆኑ ቀርቶ አሠሪው ጉድለቱን «ያወቀው» መቼ ነው ወደሚለው ይዞራል። ኮሚቴው ገና እያጣራ ነበር የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ሆኖም ማጣራቱ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ከሌለ፣ በሪፖርቱ ላይ ያረፈው የገቢ ማኅተም ራሱ በአሠሪው ላይ ማስረጃ ይሆናል።

ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ቃልም የዋዛ አይደለም። ሕጉ ውሉን የሚያቋርጥ አሠሪ ምክንያቱንና የሚቋረጥበትን ቀን ገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። «በሥነ ምግባር ጉድለት» ወይም «ድርጅቱ ስላልፈለገዎት» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ዝርዝሩን ለችሎት ማቆየት ትልቅ ስህተት ነው፤ ስንብቱ ሕጋዊ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የአሠሪው ነውና። ከሥራ በመቅረት ማሰናበት ከተፈለገ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀናት መቅረት፣ በማርፈድ ከሆነ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት እያለ ነው። «ስንቴ ነግሬዋለሁ» የሚለው የአለቃ ምስክርነት የጽሑፉን ቦታ አይተካም። ሠራተኛው ማስጠንቀቂያውን አልቀበልም ካለ፣ እምቢ ማለቱን በምስክሮች ፊርማ አስደግፎ ፋይሉ ውስጥ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ሦስተኛው የጽሑፍ ስህተት ውሉን «ኮንትራት» ብሎ በመሰየም ብቻ ጊዜያዊ ሆነ ብሎ ማመን ነው። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መዋዋል የሚቻለው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ነው። በቋሚነት የሚያስፈልግ ሒሳብ ሠራተኛን በየ6 ወሩ እያስፈረሙ ለዓመታት ማቆየት፣ በመጨረሻ «ውሉ በጊዜው አለቀ» ለሚለው መከራከሪያ ጠንካራ መሠረት አይሆንም።

ለሠራተኛው ደግሞ፣ «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም የለም» የሚል ወረቀት ፈርሜአለሁና አበቃልኝ ማለት ስህተት ነው። ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ለመተው የሚያደርገው ስምምነት ሕጋዊ ውጤት የለውም። ይሁን እንጂ በንዴት የተጻፈ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሌላ ነገር ነው፤ ራሱ የለቀቀ ሰው ያለአግባብ ተሰናበትኩ ብሎ ለመከራከር አቀበት ይሆንበታል።

«የሥራ መሪ» የሚለውም ማዕረግ ያሳስታል። የሥራ መሪ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ ጉዳዩ የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። መለያው በመታወቂያ ካርድ ላይ ያለው «ማናጀር» የሚል ቃል ሳይሆን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይም የመቅጠር፣ የማዘዋወርና የማሰናበት ሥልጣን መኖሩ ነው።

በገንዘብ ጥያቄ ላይ የሚታየው ስህተት ካሳን፣ የማስጠንቀቂያ ክፍያንና የሥራ ስንብት ክፍያን መደባለቅ ነው። ለ7 ዓመት የሠራ፣ ወርኃዊ ደመወዙ 9,000፣ አማካይ የቀን ደመወዙ 300 ብር የሆነ ሰው ያለአግባብ ተሰናብቶ ወደ ሥራ ካልተመለሰ፣ ካሳው የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ፣ ማለትም 54,000 ብር ነው፤ በዚህ ላይ የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ 18,000 ብር ይጨመራል። በአንቀጽ 39 መሠረት የስንብት ክፍያ የሚገባው ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀሩት 6 ዓመታት በያንዳንዱ አንድ ሦስተኛ እየታከለ በድምሩ 27,000 ብር ይሆናል። ክሱ ላይ «መብቴ ይከበርልኝ» ብሎ ብቻ ማለፍ በሕግ የተሰላውን ገንዘብ ሳይጠይቁ መቅረት ነው።

በመጨረሻም የሰበር ውሳኔ፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት ውሳኔ፣ አጠቃቀም ላይ የሚፈጸም ስህተት አለ። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ነገር ግን ከታተሙት የሥራ ክርክር ውሳኔዎች ብዙዎቹ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 የተረጎሙ ናቸው። ትርጉሙ የሚያገለግለው ድንጋጌው ካልተለወጠ ነው። በቀድሞው ሕግ የሙከራ ጊዜ 45 ተከታታይ ቀናት ነበር፤ ዛሬ 60 የሥራ ቀናት ነው። በ50ኛው ቀን የተሰናበተ ሠራተኛ የቀድሞውን ውሳኔ ይዞ «ሙከራዬን ጨርሻለሁ» ቢል፣ የተከሳሽ ጠበቃ የሚሰጠው መልስ ከአንድ መስመር አያልፍም።