ባዶ የማር እንጀራን ሰም ከሚበላው የእሳት እራት እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ንብ የሚያነቡ ሰዎች የአደይ ወቅትን ማር ቆርጠው ንቦች እንጀራውን የሚሠሩባቸውን የእንጨት ክፈፎች (ፍሬሞች) ባዶ እንጀራውን እንደያዙ ጓዳ ውስጥ ሲደረድሩ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንጀራው ሸረሪት ያደራበት መስሎ ተበታትኖ ያገኙታል። ይህን ያደረገው ግን ሸረሪት ሳይሆን ሰም የሚበላው የእሳት እራት ነው።

የዚህ ነፍሳት አመጋገብ ያልተለመደ ነው። ክንፍ ያወጣው አመድማ የእሳት እራት አፉ ለመመገብ ስለማያገለግለው እስኪሞት ድረስ ምንም አይቀምስም፤ የሚበላው ትሉ ብቻ ነው። ስሙ እራት ሆኖ ራሱ ጦሙን ማደሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ትሉም ቢሆን በንጹሕ ሰም ብቻ በደንብ አያድግም፤ ፕሮቲን የሚያገኘው ንቦች እጭ ባሳደጉበት የጠቆረ እንጀራ ውስጥ ከቀረው የእጭ ገፈፎና ከአበባ ብናኝ ነው። ስለዚህ የሚበረውን ከማሳደድ ይልቅ የሚበላውን መንሳት ይሻላል።

በመጀመሪያ ፍሬሞቹን እንደቀለማቸው ይለዩ። ነጭና ቢጫ የሆነውን፣ እጭ ያላደገበትን እንጀራ ለመጪው ወቅት ያስቀምጡ፤ የጠቆረውንና ብርሃን የማያሳልፈውን ግን ሳይሳሱ ቆርጠው በዚያው ሳምንት ያቅልጡት። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሚቀልጥ ድስቱን በቀጥታ እሳት ላይ ከመጣድ ይልቅ ከውኃ ጋር ማሞቅ ይበቃል። ተጣርቶ የረጋው ሰም ለጧፍ ሠሪዎች ይሸጣል።

ቀጥሎ የቀሩትን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አቅንተው ይመርምሩ። በእንጀራው ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ነጭ የድር ዋሻ ካለና ከሥሩ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ኩስ ከረገፈ ትሉ ገብቷል ማለት ነው። የፍሬሙን እንጨት በአውራ ጣትዎ ይዳብሱት፤ ትሉ ወደ ሙሽሬነት (ክንፍ ከማውጣቱ በፊት በድር ተሸፍኖ ወደሚቆይበት ደረጃ) ከመለወጡ በፊት እንጨቱን ጀልባ በሚመስል ቅርጽ ስለሚቦረቡረው ጉድጓዱ ከዓይን በፊት በጣት ይታወቃል።

ዕንቁላሉ በስንጥቅ ውስጥ ስለሚጣል በዓይን ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ለዚህም አስተማማኙ መፍትሔ ብርድ ነው። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ሰዓት ቢቆይ ዕንቁላሉም ትሉም ይሞታል፤ የቤት ፍሪዘር ግን ተደራርቦ የገባን ፍሬም ቶሎ ስለማያቀዘቅዝ ማሳደሩ ይመረጣል። የደሴ ብርድ ይህን ሥራ ይተካል ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የሌሊት ቅዝቃዜ የትሉን እድገት ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ዝቅ ብላ በምትገኘው ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ደግሞ ትሉ ፈጥኖ ያድጋል፤ እኔ እዚያ በጆንያ ጠቅልዬ የተውኳቸው ስምንት ፍሬሞች በወር ውስጥ ድር ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

ከብርዱ የወጡትን ፍሬሞች ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ይስቀሏቸው፤ የእሳት እራቱ የሚወደው ጨለማና የታፈነ ሙቀት ነው። በፌስታል መቋጠር አያዋጣም። ፌዴሪካ በርቶቺኒ የተባሉ ተመራማሪ ከቀፏቸው የለቀሟቸውን ትሎች በፌስታል ቢያስቀምጡ ትሎቹ ፌስታሉን በሳስተውት አግኝተዋል፤ ከዚህ የተነሣው ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ለልብስ የሚደረገው ናፍታሊን ደግሞ ሰም ውስጥ ሰርጎ ወደ ማር ስለሚተላለፍ ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

ንብ ያለበት ቀፎ ብዙ አያስቸግርም፤ ብርቱ ኅብረ ንብ ትሉን ራሱ ጎትቶ ያወጣዋል። የሚጠቃው የደከመው ነው። ስለዚህ ንቦቹ ሲያንሱ ያልሸፈኑትን ፍሬም ያውጡላቸው፣ መግቢያውን ያጥብቡ፣ በቀፎው ወለል ላይ የተከማቸውን የሰም ፍርፋሪም በየሁለት ሳምንቱ ይጥረጉ።