በሩ የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ያለ ሪሲቨር በሪሞት እንዲታዘዝ ያደረግኩት

ደሴ እናቴ ቤት ሪሲቨሩ ያለው ቡፌ ውስጥ ነው። በሩ እንጨት ነው፤ የሪሞት ኢንፍራሬድ ብርሃን ደግሞ እንጨት አያልፍም። ጉልበቷን እያመማት ቻናል ለመቀየር ስትነሳ ማየት ከበደኝ። በሩ ክፍት ይሁን ቢባል አቧራው አለ። ስለዚህ ምልክቱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ ትንሽ ሰርኪዩት ሠራሁ።

ባለ ሦስት እግሯን መቀበያ ሴንሰር ከተበላሸ ሪሲቨር ላይ ነቀልኩ። የቀረውን ፒያሳ ከጥገና ቤት ገዛሁ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። አብዛኛው ሪሞት መብራቱን በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ገደማ እያበራ እያጠፋ ነው የሚልከው። ሴንሰሯ ያንን እርግብግቢት አጣርታ ታስቀረዋለች። መውጫዋን በቀጥታ ምልክቱን ወደ ሪሲቨሩ ከሚልከው ኤልኢዲ (ትንሽ የኢንፍራሬድ መብራት) ጋር ብታገናኙት ሪሲቨሩ አይሰማም። እርግብግቢቱን እንደገና የሚፈጥረው 555 የሚባለው አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ነው። የ1 እና የ18 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ከ1 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጋር 39 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 39 ሺህ ጊዜ) ገደማ ይሰጣሉ፤ ይበቃል። ምልክት ሲመጣ የሴንሰሯ መውጫ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ 555 ግን የሚሠራው አራተኛ እግሩ ቮልቴጅ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ምልክቱን በኤንፒኤን ትራንዚስተር ገልብጬ ከዚያ እግር ጋር አገናኘሁት። ኤልኢዲው 100 ኦም ሬዚስተር ይዟል። ኃይሉ ከድሮ ሞባይል ቻርጀር ነው፣ 5 ቮልት። ሁሉንም በስታኞ በየድኩ።

ሲገጠም ግን ሪሞቱ ሳይነካ ኤልኢዲው ብልጭ ብልጭ ይል ነበር። ዓይን አያየውም፤ በስልክ የፊት ካሜራ ነው ያየሁት። ሴንሰሯ የራሱን የኤልኢዲውን ብርሃን መልሳ እየተቀበለች ነው። የኤልኢዲውን ጎን በቴፕ፣ በላዩ በፎይል ጠቅልዬ አፉን ወደ ሪሲቨሩ አዞርኩት። ሴንሰሯን ከበሩ ውጭ አደረግኳት። ወዲያው ቆመ። አሁን እናቴ ሶፋዋ ላይ ሆና ትቀይራለች።